የልየታ ምርመራ፦ ከመለኪያው በፊትና ከመለኪያው በኋላ

አንድ የ48 ዓመት ሰው ከሥራ ሲመለስ ወደ ነፃ ምርመራ ድንኳን ጎራ ይላል። አላመመውም፤ ሰልፉ አጭር ሆኖ ስላየ ነው የገባው። ገና ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በሸሚዙ እጅጌ ላይ የግፊት መለኪያው ጨርቅ ይታሰርለታል፤ መሣሪያው 156 በ96 ያነባል። ቁጥሩ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል፣ «ግፊት አለብዎት፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ» ተብሎም ይሸኛል። ማታ በሚዘጋጀው ሪፖርት ላይ ይህ ሰው ሁለት ቦታ ይቆጠራል፤ በተመረመሩት ረድፍና በሽታ በተገኘባቸው ረድፍ።

ሰውየው ግን በዚያ ቀን ያገኘው ነገር ጭንቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። እየተጣደፈ ገብቶ ሳያርፍ ስለተለካ ቁጥሩ ራሱ ትክክል ላይሆን ይችላል። ትክክል ቢሆን እንኳ የአንድ ቀን ልኬት የደም ግፊት በሽታ አለ ለማለት አይበቃም። በሽታው በእርግጥ ካለበት ደግሞ የት ሄዶ፣ በየትኛው ቀን፣ ማንን እንደሚያነጋግር አልተነገረውም። በማኅበረሰብ መካከል የሚደረግ የጤና ልየታ ፍሬ የሚያፈራውም ሆነ የሚባክነው በእነዚህ ሦስት ክፍተቶች ነው።

ልየታ ምን ይለያል?

ልየታ ምልክት ከማይታይባቸው ሰዎች መካከል ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልጋቸውን ነጥሎ ማውጣት ነው። በሽታውን የሚያረጋግጠው ቀጥሎ የሚመጣው ምርመራ ነው። ይህን ልዩነት የመስክ ሠራተኛው ራሱ በደንብ ካልያዘው ለሰው የሚናገረው ቃል ይበላሽበታል። «በሽታ አገኘንብዎ» ማለትና «የዛሬው ልኬት ከፍ ብሏል፣ እርግጡን ለማወቅ እንደገና መለካት አለበት» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ትክክለኛው ሁለተኛው ነው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። ከ100 ሕመምተኞች 90ዎቹን የሚይዝ፣ ከ100 ጤነኞች ደግሞ 95ቱን በትክክል «ነፃ» የሚል ጥሩ ምርመራ አለን እንበል። በሽታው ከ100 ሰው በ1ዱ ላይ ብቻ ወደሚገኝበት ሕዝብ ይዘነው ሄደን 1,000 ሰው መረመርን። ከ1,000ው ሕመም ያለባቸው 10 ናቸው፤ 9ኙ ይያዛሉ፣ 1ዱ ያመልጣል። ከ990ዎቹ ጤነኞች ደግሞ ወደ 50 የሚጠጉት በስህተት «አጠራጣሪ» ይባላሉ። ስለዚህ ውጤታቸው አጠራጣሪ ከሆነ 59 ሰዎች መካከል በሽታው በእርግጥ ያለባቸው 9 ብቻ ናቸው።

ያንኑ ምርመራ በሽታው ከ100 ሰው በ20ው ላይ ወደሚገኝበት ቡድን እንውሰደው። ከ1,000 ሰው 200ው ሕመምተኞች ሲሆኑ 180ው ይያዛሉ፤ ከ800ው ጤነኞች 40ው በስህተት ይጠረጠራሉ። አሁን ከ220 ተጠርጣሪዎች 180ው እውነተኛ ናቸው። መሣሪያው አልተለወጠም፣ ባለሙያውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተጠራው ሰው ነው። «ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ማስታወቂያ ደግ ቢመስልም ለ20 ዓመት ወጣትና ለ55 ዓመት ጎልማሳ እኩል ወንበር እየሰጠ አቅምን ይበትናል። ለደም ግፊትና ለስኳር ልየታ በቅድሚያ መጠራት ያለባቸው ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ፣ በቤተሰባቸው በሽታው ያለ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩና በእርግዝና ጊዜ ስኳር ወይም ግፊት የነበረባቸው ሰዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ባለሙያዎች ለዓለም ጤና ድርጅት አንድ በሽታ ለልየታ ይገባል የሚባልባቸውን አሥር መመዘኛዎች አዘጋጅተው ነበር። ዛሬም ይሠራባቸዋል። ከአሥሩ በመስክ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ለሚገኘው በሽታ ማረጋገጫና ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ መኖር አለበት ይላል። ሌላው ደግሞ ልየታ አንዴ ተደርጎ የሚተው ዘመቻ ሳይሆን ቀጣይ ሥራ መሆን አለበት የሚለው ነው።

ብዙ መፈለግ ሁልጊዜ ይጠቅማል ብሎ ለሚያስብ ሰው የደቡብ ኮሪያን ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። በዚያ አገር ጤነኛ ሰዎች አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ እጢያቸውን በአልትራሳውንድ በብዛት መታየት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመዘገበው የታይሮይድ ካንሰር ቁጥር ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ያው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ላያስቸግራቸው ይችል የነበረ ካንሰር የተገኘባቸው ብዙ ሰዎች በቀዶ ሕክምና የታይሮይድ እጢያቸው ወጥቶ ቀሪ ዘመናቸውን በመድኃኒት ለመኖር ተገደዱ። በሽታን ቀድሞ ማግኘት የሚጠቅመው ቀድሞ ማከም የሰውየውን ዕጣ ሲለውጥ ነው።

እቅዱ ከመጨረሻው ይጀምራል

የልየታ ቀን ሲታቀድ አብዛኛው ሰው ከድንኳን፣ ከወንበርና ከማስታወቂያ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ሪፈር የሚጻፍላቸው ሰዎች ከሚሄዱበት ጤና ተቋም ነው። 300 ጎልማሶች ሊመረመሩ ታስቦ ከአምስቱ የአንዱ ልኬት ከፍ ይላል ብለን ብንገምት 60 ሰዎች ድጋሚ መታየት አለባቸው። ተቋሙ በቀን 10 አዲስ ሰው ብቻ ማየት የሚችል ከሆነ 60ው ሰው ስድስት የሥራ ቀን ይፈልጋል። ሁሉም በማግስቱ ጠዋት ቢላኩ 50ዎቹ ሳይታዩ ይመለሳሉ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ዳግመኛ አይመጡም። መፍትሔው ቀጠሮውን አስቀድሞ በስድስት ቀን መደልደል፣ ወይም የሚመረመረውን ሰው ቁጥር መቀነስ ነው።

ከተቋሙ ጋር በጽሑፍ መያዝ ያለባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የተላከውን ሰው የሚቀበለው ባለሙያ ስምና ስልክ፣ የሚቀበልባቸው ቀናትና ሰዓታት፣ ሰውየው ይዞት የሚሄደው ወረቀት፣ የሚከፍለው ገንዘብ ካለ መጠኑ፣ መጀመሪያ የሚታዘዙት መድኃኒቶች በመደርደሪያ ላይ መኖራቸው። መድኃኒቱ ከሌለ ልየታውን ማዘግየት ይሻላል። ሕመም እንዳለበት ተነግሮት ሕክምና ያጣ ሰው ለቀጣዩ ጥሪ አይወጣም፤ ጎረቤቱንም ያስቀራል።

የሰው ኃይሉም በዚሁ ሒሳብ ይወጣል። አንድን ሰው በትክክል ሁለት ጊዜ ለመለካት፣ ለመመዝገብና ውጤቱን ለመንገር ቢያንስ 6 ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ለኪ በሰዓት 10 ሰው፣ በስድስት ሰዓት 60 ሰው ያያል። ለ300 ሰው አምስት ለኪዎች ያስፈልጋሉ። ሁለት ለኪ መድቦ 300 ሰው የሚጠብቅ እቅድ ከጅምሩ ዕረፍቱንና ሁለተኛውን ልኬት ሰርዟል ማለት ነው፤ ለኪዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ ሳይሆን ሰልፉ ስለሚገፋቸው።

የደም ግፊት ልኬት በቅርበት

በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ ሰዎች መካከል ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት የደም ግፊት አለባቸው፤ ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። ልኬቱ ቀላል ስለሚመስል በመስክ ላይ ከማንኛውም ምርመራ በላይ የሚበላሸው እሱ ነው።

ሰውየው ከመለካቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና ጠጥቶ፣ ሲጋራ አጭሶ ወይም እየሮጠ መጥቶ እንደሆነ ይጠየቃል። ሽንቱ ከመጣ መጀመሪያ ይሂድ፤ የተወጠረ ፊኛ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ሁለቱንም እግሮቹን መሬት ላይ አሳርፎ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። በርጩማና አግዳሚ ወንበር ለዚህ አይሆኑም። ለእነዚህ 5 ደቂቃዎች የሚጠባበቁ ሰዎች የሚቀመጡባቸው ወንበሮች ከለኪው አጠገብ ከተደረደሩ አንዱ ሲለካ ሌላው ያርፋል፤ ጊዜ አይባክንም።

ጨርቁ በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል። እጅጌን ወደ ላይ ጠቅልሎ ማጥበቅ ክንዱን ስለሚያንቅ ልብሱን ከትከሻው ማውለቅ ይሻላል። የጨርቁ መጠን ወሳኝ ነው። በትከሻ ጫፍና በክርን መካከል ያለው የክንዱ ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ በጨርቁ ውስጥ አየር የሚሞላው ክፍል የዚያን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል መሸፈን አለበት። የተለመደው የአዋቂ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ላለው ክንድ ነው። ክንዱ ወፈር ያለ ሰው በዚህ ሲለካ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል፣ ምክንያቱም ጠባብ ጨርቅ የደም ሥሩን ለመዝጋት ከሚገባው በላይ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ትልቅ ጨርቅ በየጠረጴዛው መኖር አለበት፤ አለዚያ በውፍረታቸው ምክንያት ብቻ ወደ ሐኪም የሚላኩ ሰዎች ይበዛሉ።

ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ጨርቁ ከልብ ትይዩ ይሁን። ክንዱ ከልብ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ንባቡ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ከፍ ይላል፤ ከላይ ያለው የደም ክብደት ይጨመርበታልና። ክንዱ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ከተለካ 134 የነበረው 142 ይሆናል፣ ጤነኛውም «ሕመምተኛ» ተብሎ ይጻፋል። እየለኩ ማውራትም እንዲሁ ቁጥሩን ያሳድጋል፤ ለኪውም ተለኪውም ዝም ይበሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለካ ሰው ሁለቱም ክንዶቹ ይለኩ፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ያለውን ባሳየው ክንድ ይቀጠል። በሁለት ልኬቶች መካከል ቢያንስ 1 ደቂቃ ይቆይ። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ሦስተኛ ተወስዶ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አማካይ ይመዝገብ። የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ላይ አውቶማቲክ መሣሪያ ሊሳሳት ስለሚችል የእጅ የደም ሥሩን በጣት መዳሰስ ጥሩ ልማድ ነው።

አማካዩ ከ140 በ90 በታች ከሆነ ሰውየው መቼ ተመልሶ እንደሚለካ ይነገረዋል። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ (ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ እንኳ ቢያልፍ) በሌላ ቀን በጤና ተቋም ይደገማል፤ ቀጠሮውም ከአራት ሳምንት ባይበልጥ ይመረጣል። 180 በ120 ከደረሰ አሳርፎ እንደገና መለካት ነው። ከዚህ ቁጥር ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የአንድ ጎን ድካም፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለ ግን ድጋሚ ልኬት ሳይጠበቅ ወዲያው በመኪና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። ነፍሰ ጡር ሴት 140 በ90 ካሳየች በዚያው ቀን መታየት አለባት፤ በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ ግፊት በሰዓታት ውስጥ ሊባባስ ይችላል።

ማታ መዝገቡን ስትገመግሙ የቁጥሮቹን የመጨረሻ አሃዝ ተመልከቱ። በእጅ መለኪያ ከተለካ አብዛኛው 120፣ 130፣ 140 እያለ በዜሮ የሚያልቅ ከሆነ ለኪው እያጠጋጋ ነው። አውቶማቲክ መሣሪያ ይዞ እንዲህ የሚጽፍ ካለ ደግሞ የጻፈው ያነበበውን አይደለም።

ስኳር፣ የማኅፀን በርና የሕፃናት ክንድ

በስኳር ልየታ ብዙ ስህተት የሚገባው ከእጅ ላይ ነው። ፍራፍሬ የላጠ ሰው ጣቱ ላይ የቀረው ጣፋጭ ፈሳሽ ንባቡን በእጅጉ ሊያሳድገው ይችላል። እጅ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ አልኮል ከተቀባ እስኪተን ይጠበቅ። የሚወጋው የቀለበት ጣት ወይም የመሀል ጣት ጎን ነው፤ መሀሉ የበለጠ ያማል። ደም እንዲወጣ ጣትን አጥብቆ መጭመቅ ከሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ቀላቅሎ ውጤቱን ያዛባል፤ ይልቅ እጁን ወደ ታች ዝቅ ማድረግ ይበቃል። የስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት የመመርመሪያ ቁራጭ) ጠርሙስ አንድ ስትሪፕ እንደወጣለት ይከደን፤ እርጥበትና ፀሐይ ያበላሹታል።

መውጊያው አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራበታል። ብዙ ሰው የሚወጋበት ብዕር መሰል መሣሪያ መርፌው እየተቀየረ እንኳ ለብዙ ሰው መዋል የለበትም፤ በላዩ ላይ የሚቀር ለዓይን የማይታይ ደም የጉበት ቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል። ያገለገለ መውጊያ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ (ለስለታማ ቆሻሻ የተሠራ ሣጥን) ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል።

ቢያንስ 8 ሰዓት ካልበላ ሰው የተወሰደ ደም ስኳሩ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም በማንኛውም ሰዓት 200 ደርሶ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ክሳት ካለ የስኳር በሽታ በጣም ያጠራጥራል፤ የሚረጋገጠው ግን በላቦራቶሪ ነው። ሰውየው መቼ እንደበላ ያልተጻፈበት ቁጥር ለሐኪሙ ብዙም አይረዳውም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከ70 በታች ካሳየ ደግሞ ወደ 15 ግራም ስኳር ተሰጥቶት ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ እንጂ አይሸኝ።

የማኅፀን በር ካንሰር ልየታ ግላዊ ክፍል ስለሚፈልግ ለድንኳን አይመችም። ካንሰሩን በሚያመጣው ቫይረስ (ኤችፒቪ) ምርመራ የሚሠራ ከሆነ ግን ሴቷ ናሙናውን በራሷ ወስዳ ማስረከብ ትችላለች፤ ይህ ኀፍረት ያስቀራቸውን ብዙ ሴቶች ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 ዓመት ጀምሮ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይመክራል።

ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ሕፃናት የክንድ ዙሪያ ልኬት ደግሞ ቤት ለቤት ከሚሠሩት ሁሉ ቀላሉ ነው። ግራ ክንድ ዘና ብሎ በትከሻና በክርን መካከል ይለካል፤ ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት፣ ከ115 ጀምሮ ከ125 በታች ያለው መካከለኛ ነው። ሁለቱም እግሮች ላይ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጭኖ ጉድጓድ ከቀረ ክንዱ ምንም ቢል ሕፃኑ በአስቸኳይ ይላካል።

ውጤት መንገርና ማስተማር

ውጤት ጮክ ብሎ አይነገርም። ጎረቤት በሚሰማበት ሰልፍ ላይ «ስኳርዎ 240 ነው» መባል ሰውን ከማሳፈሩም ሌላ ከኋላ ያሉትን ያባርራል። ቢያንስ አንድ መጋረጃና ሁለት ወንበር ይኑር። የሚነገረው ነገር ሦስት ክፍል አለው፦ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ምን ማለት እንደሆነና ምን ማለት እንዳልሆነ፣ ቀጥሎ መቼና የት እንደሚሄድ። ከዚያ «በደንብ አስረድቼዎት እንደሆነ ልወቅ፤ ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ይሏቸዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ገባዎት?» ከተባለ ሁሉም «አዎ» ይላል። በራሱ ቃል ሲናገረው ግን የተምታታው ቦታ ወዲያው ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ የሚምታታው ቀጠሮው ነው።

ውጤቱ ጥሩ ለሆነለት ሰውም ማብራሪያ ይገባዋል። የዛሬ ነፃ ውጤት ዕድሜ ልክ አያገለግልም፤ በመሀል ምልክት ከታየበት ቀጣዩን ልየታ ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ይህ ካልተነገረው ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት «ባለፈው ታይቻለሁ» ብላ ወራት ልታሳልፍ ትችላለች።

ትምህርቱን በተመለከተ አሥር ነገር ከመዘርዘር አንድ ሁለት ነገር በዝርዝር ማስያዝ ይሻላል። «ጨው ይቀንሱ» ማለት ብዙ አይረዳም። አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው መውሰድ እንዳለበት፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል እንደሆነ፣ በዳቦና በታሸገ ምግብ ውስጥ ያለው ጨውም እዚያው ውስጥ እንደሚቆጠር በማንኪያ ማሳየት ግን ይጨበጣል። እንቅስቃሴም በሳምንት 150 ደቂቃ ሲባል ይርቃል፤ በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ሲባል ይገባል። የተቆረጠ እግርና የተጎዳ ኩላሊት ፎቶ እያሳዩ ማስፈራራት ሰውን ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመመርመር ይሸሻል። በተለይ አጥብቆ መነገር ያለበት ግፊት እንደማያም ነው። መድኃኒት ከጀመሩት መካከል ብዙዎች የሚያቋርጡት «ደህና ነኝ» ብለው ነው፤ ደህና የሆኑት ግን መድኃኒቱን ስለሚወስዱ ነው።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

መዝገቡ ከስምና ከቁጥር በላይ መያዝ አለበት። የራሱ ስልክ፣ የአንድ ዘመድ ስልክ (ለዘመዱ ምን እንደሚነገር ፈቃዱ ተጠይቆ)፣ ቤቱ የሚታወቅበት ምልክት፣ የተላከበት ተቋም፣ የቀጠሮ ቀን። ከዚያ በስተቀኝ ሦስት ባዶ ዓምዶች፦ ደረሰ፣ ተረጋገጠ፣ ሕክምና ጀመረ። መዝገቡ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ቡድን መላክ የሰዎችን ምስጢር ማውጣት ነው።

ቀጠሮው ባለፈ በሦስት ቀን ውስጥ ያልደረሱት ይደወልላቸዋል። ጥሪው ወቀሳ መሆን የለበትም፤ «ምን አስቸገረዎት?» የሚል ጥያቄ ነው፣ መልሱም ይጻፋል። 60 ሰው ተልኮ 30 ደርሶ፣ 20ው ተረጋግጦለት 12ቱ ሕክምና ቢጀምሩ ሥራው የት ጋ እንደተበጠሰ ከዓምዶቹ ይታያል። የቀሩት 30 ሰዎች በሥራ ሰዓት መውጣት ያልቻሉ ከሆኑ የማታ ወይም የቅዳሜ ቀጠሮ ያስፈልጋል። የመጓጓዣ ገንዘብ ያጡ ከሆነ ማረጋገጫ ልኬቱ ራሱ ወደ ሰፈራቸው ይምጣ። ሕክምና ተቋም ደርሰው ያልጀመሩት 8ቱ ከመድኃኒት መደብሩ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለው የልየታ ቀን ከመቆረጡ በፊት ከተቋሙ ጋር የተያዘው ጽሑፍ እንደገና ይከፈታል።